ትያትርን በእግር መማር፦ ከአቦል እስከ በረካ

ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ ትያትር መማር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ለመሄድ ግን አቅም የለኝም። ከየት ልጀምር?» አለኝ። እየቸኮልኩ ስለነበር «አንብብ» ብዬው አለፍኩ። መልሱ ስህተት አልነበረም፤ ግን ጎዶሎ ነበር። ያኔ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ታሪኩን ለብቻ፣ ጽንሰ ሐሳቡን ለብቻ፣ ትወናውን ለብቻ አትማሩ። ማክሰኞ ያነበባችሁትን ሐሙስ ቆማችሁ ሥሩት። ትያትር በወረቀት ብቻ ከተያዘ የዓመተ ምሕረት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። በትወና ብቻ ከተያዘ ደግሞ ሁልጊዜ ያንኑ ጭውውት እየደጋገሙ መኖር ይሆናል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከአራት እስከ ስድስት ሰው፣ ለየሰው አንድ ደብተር፣ ባዶ ክፍል ወይም ግቢ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት። ለ10 ሳምንት ያህል ያዙት። አንድ ጀበናና ጥቂት ስኒም ፈልጉ። ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

1. መጀመሪያ በሰፈራችሁ ያለውን እዩ

ከግሪክ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዓይንና ጆሮን ለመክፈት አውሉ።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ትያትር ሳያይ አላደገም፤ ስሙን ሳያውቀው ነው ያየው። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች አስቡ። የባለቤቱን ስም ቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ። ከዚያ በር ላይ ቆመው በስሙ እየጠሩ ያወድሱታል። ሲሰጣቸው ይመርቃሉ። ሰዓቱ ተመርጧል፣ ቦታው ተመርጧል፣ ተመልካቹ ተጠንቷል። አንድ ተዋናይ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት የሚያስፈልገው ጥናት እዚያ አለ።

የላሊበላን ገና አስቡ። ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ የተባለው መዝሙር ሲዜም ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው የግቢው ዙሪያ ከፍታ ላይና ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ቦታን በከፍታ ብቻ ሰማይና ምድር ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። መንዙማም እንዲሁ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ያያይዛቸዋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ የልጃገረዶቹ ጨዋታ፣ የላስታ አሸንድዬ፣ የዋግ ሻደይ፣ የራያ ቆቦ ሶለል አለ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምለው አለኝ። ቤዛ ኩሉም መንዙማም አምልኮ ናቸው፤ ትያትር አይደሉም። የምትማሩት አቀማመጡን፣ ቅብብሎሹን፣ የዝምታውን ልክ ነው። እንደ ቅርስና እንደ እምነት አክብራችሁ ተመልከቱ። መድረክ ላይ ለሳቅ አታውጧቸው።

ከዚያ ባቲ ሂዱ። የሰኞ ገበያውን አንድ ጥግ ይዛችሁ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይገናኛል። አንድ ገዢ «በቃ ተወው!» ብሎ ፊቱን ሲያዞር እግሩን እዩት። ቀስ ይላል። እንዲጠራ እየጠበቀ ነው። አፉ «ሄድኩ» ይላል፤ እግሩ «ጥራኝ» ይላል። ይህቺን ጻፏት። ወደ በኋላ በጣም ትፈለጋለች።

ደብተሩ ላይ የምትጽፉት አራት ነገር ብቻ ነው። ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? የት ቆመ? መጨረሻ ላይ ምን ተለወጠ? በሁለት ሳምንት 20 እንዲህ ያሉ ትዝብቶች ካሏችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

2. አንድ ተዋናይ፣ ሁለት ተዋናይ፣ ሦስት ተዋናይ

አሁን ግሪክ እንሂድ።

በጥንታዊቷ አቴንስ የወይን ጠጅ አምላክ ለሚሉት ለዲዮኒሶስ በሚደረግ በዓል ላይ ኅብረ ዘማሪ እያዜመ ያሸበሽብ ነበር። ቴስፒስ የሚባል ሰው ከኅብረ ዘማሪው ተነጥሎ ወጥቶ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ተናገረ ይባላል። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ቀጥሎ ኤስኪለስ ሁለተኛ ተዋናይ ጨመረ። ከእሱ በኋላ ሶፎክልስ ሦስተኛ ጨመረ።

ይህን ስታነቡ ሦስት ስም ብቻ ሆኖ ያልፋችኋል። ሐሙስ ዕለት ቆማችሁ ስትሠሩት ግን ሌላ ነው። እንዲህ አድርጉ።

አንድ ሰው ይውጣ፤ የቀሩት ተቀባዮች ይሁኑ። የወጣው አንድ ዜና ይዞ የመጣ መልእክተኛ ነው። «በሬው ገደል ገባ» ይበል እንበል። ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ይጠይቁ፣ ይዘኑ፣ ይፍረዱ። አውራጅና ተቀባይ ስለምናውቅ ይህ በደማችን ያለ ነው፤ ቶሎ ይሳካል። ግን አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ሰውየው ይተርካል እንጂ አይጣላም። የሚጣላው ሰው የለም።

አሁን ሁለተኛ ሰው ጨምሩ። የበሬው ባለቤት ይሁን። ወዲያው ክርክር ተወለደ። «ማን ጠብቅ አለህ?» «አንተ ነህ ያልከኝ!» ሁለት ፍላጎት ፊት ለፊት ቆመ።

ሦስተኛውን ጨምሩ። የመልእክተኛው እህት ናት፤ እውነቱንም ታውቃለች፤ በሬው አልሞተም፣ ተሸጧል። አሁን ምስጢር መጣ። ውሸት መጣ። ሁለት ሰው በአንድ ሰው ላይ ማበር መጣ። አንዱ ሲናገር የሌላውን ፊት ማየት መጣ። ሶፎክልስ ምን እንደጨመረ በመጽሐፍ ሳይሆን በላባችሁ ተረዳችሁት።

ሌላም ነገር አለ። ግሪኮች ተመልካቹን ተዳፋት ላይ አስቀምጠው ተዋናዩን ታች አደረጉት። ደሴ ደግሞ ዳገት ሞልቷታል። ጦሳ ተራራ ስር አንድ ገደላማ ያልሆነ ተዳፋት ፈልጉ። ጓደኞቻችሁን ላይ አስቀምጡና ታች ሆናችሁ ተናገሩ። ከዚያ ተገላብጣችሁ ሞክሩ። ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

3. የእኛ ትያትር እንዴት እንደመጣ

ለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡት። ጥቂት ምሰሶ ዓመቶችን ያዙና በእያንዳንዱ ላይ «ያኔ ምን ችግር ገጠማቸው? እንዴት ፈቱት?» ብላችሁ ጠይቁ።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን አዘጋጁ። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው። አገሩን ሊመክሩ፣ የአስተዳደሩን ጉድፍ ሊያሳዩ ፈለጉ፤ በግልጽ መናገር ግን ከባድ ነበር። ስለዚህ አውሬዎች እንዲናገሩ አደረጉ። ቤተ መንግሥቱ ግን ወርቁን አገኘው፤ ትያትር ታገደ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ እንደገና መንገድ ተከፈተለት፤ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤም ከፊት ተሰለፉ።

ልምምዱ ይሄው፦ አንድ እንስሳ ምረጡ። ቀበሮ፣ ጅብ፣ አህያ፣ የፈለጋችሁትን። የሰፈራችሁን አንድ ችግር፣ ለምሳሌ የውሃ መጥፋትን፣ የሰው ስም ሳትጠሩ በእንስሳቱ አፍ ተናገሩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የእንስሳውን ጆሮ ማስመሰል ብቻ አይበቃም፤ የአህያዋ ወገብ፣ የጅቡ ትከሻ ይታይ።

በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። የጣሊያን ወረራ እየመጣ ነበርና ዓላማው ሕዝቡን ማነቃቃት ነበር። ንግግርና መዝሙር ቀደመ፤ ትያትሩም በዚያው ቤት አደገ። ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው አዳራሽ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ተከፈተ። ከዚያ የጸጋዬ ገብረ መድኅንና የመንግሥቱ ለማ ዘመን መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው፤ ይህን በጣም እመክራለሁ። ጸጋዬ ቃሉን እንደ ድንጋይ ይጠርበዋል፣ ተዋናዩን ትንፋሽ ያሳጣዋል። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ሰው በሚነጋገርበት ቋንቋ ያስቃችኋል፣ እየሳቃችሁም ራሳችሁን ታያላችሁ። ከሁለቱም አንድ አንድ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ትንፋሻችሁ የት እንዳለቀ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ይህ ምልክት ስለ ሁለቱ ጸሐፊዎች ከረጅም ትንታኔ የበለጠ ይነግራችኋል።

የራሳችንንም አትርሱ። በደርግ ዘመን እነ ማሪቱ ለገሰ የነበሩበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚሁ ነው የወጣው። በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ ያን ዘመን መድረክ ላይ ያዩ ወይም የሠሩ እናቶችና አባቶች አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። «አንቱ፣ መድረኩ ላይ ማን የት ይቆም ነበር? ልምምዱ ስንት ሰዓት ነበር?» በሉ። መልሳቸውን ሳታሳጥሩ ጻፉ። ያልተጻፈ ታሪክ ነውና ደብተራችሁ ዋጋ አለው።

4. ከጽንሰ ሐሳብ የሚበቃችሁ

ቃላት አታብዙ። አምስት ከያዛችሁ የማንኛውንም ተውኔት በር ትከፍታላችሁ፦ መቼት፣ ፍላጎት፣ እንቅፋት፣ ሴራ፣ ጭብጥ። መቼት መቼና የት ነው። ፍላጎትና እንቅፋት ሲጋጩ ግጭት ይወለዳል። ግጭቶቹ አንዱ ሌላውን እየወለደ ሲያያዙ ሴራ ይሆናሉ። ጭብጡ ሁሉም ካለቀ በኋላ ተመልካቹ ይዞት የሚሄደው ነው። ስለዚህ እናንተ አስቀድማችሁ አትስበኩት።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል የተውኔትን ክፍሎች ስድስት ብሎ ቆጥሯል። ሴራን አንደኛ አደረገ፤ ገፀ ባሕርይ፣ ሐሳብ፣ ቋንቋና ዜማ ተከተሉ፤ ለዓይን የሚታየውን ጌጥ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንጀምራለን። ገንዘብ ሲዋጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ልብስና መጋረጃ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ሴራው ይቁም።

ስድስተኛ ቃል ከፈለጋችሁ እኛው ዘንድ አለ፤ ሰምና ወርቅ። ገፀ ባሕርዩ የሚናገረው ሰሙ ነው። የሚፈልገው ወርቁ ነው። የባቲውን ገዢ አስታውሱ። «በቃ ተወው» ሰም ነበር። ከእያንዳንዱ ንግግር ጎን በደብተራችሁ ወርቁን ጻፉ። ሰሙና ወርቁ አንድ ዓይነት ከሆነ ያ ንግግር ደካማ ነው ማለት ነው፤ ወይ አውጡት ወይ ጻፉት እንደገና።

ከሩሲያዊው የትያትር አዘጋጅ ከስታኒስላቭስኪ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተበደሩ፦ «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆንስ?» ስሜትን ከራስ ትዝታ መቆፈርንም መጀመሪያ ላይ ይመክር ነበር። እድሜው ሲገፋ ግን ወደ ተግባር አዘነበለ። ልቅሶን አትፈልግ፤ ገፀ ባሕርዩ የሚሠራውን ሥራ ሥራ፣ ስሜቱ ይከተላል ወደሚለው ሄደ። እኛ ዘንድ ይህ ከዘዴም በላይ ነው። ከእናንተ ጋር የሚለማመዱት ውስጥ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ያጡ ይኖራሉ። ማንንም «ያጣኸውን አስብና አልቅስ» አትበሉ። ስኒ ይጠብ፣ ነጠላውን ይጠፍ፣ በሩን ይዝጋ። ሐዘኑ ካለ በእጁ በኩል ይወጣል። ከሌለም ተዋናዩ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

5. ድምፅና አካል

ይህን በየልምምዱ መጀመሪያ ላይ 20 ደቂቃ ብቻ ስጡት።

ጀርባችሁን መሬት አስነክታችሁ ተኙ። ደብተር ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። ስትተነፍሱ ደብተሩ ከፍ ዝቅ ይበል፤ ደረት አይንቀሳቀስ። በአንድ ትንፋሽ እስከ 10 ቁጠሩ፣ በሳምንቱ እስከ 15፣ ከዚያ እስከ 20። ቆማችሁም ይኸንኑ ድገሙ። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ አብሽሩ፣ ይለቃል።

መሬቱን በጠመኔ ዘጠኝ ቦታ ክፈሉት፤ ሦስት በሦስት። ግራና ቀኝ የሚባለው ተመልካቹን ፊት ለፊት የሚያይ የተዋናዩ ግራና ቀኝ ነው። ለተመልካች የቀረበው ረድፍ ለምስጢር፣ መሃሉ ለግጭት፣ የኋላው ለመግቢያና ለብቸኝነት ይስማማል። ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር ልበል። የወሎን ለስላሳ አማርኛ ትታችሁ የሬዲዮ ድምፅ አታምጡ። የገጠር ሰው አነጋገርንም ለማሳቂያ አትጠቀሙ። ይህ ልማድ በብዙ ጭውውቶች ላይ አለ፤ እናቶቻችንን ያስከፋል። ቋንቋው የገፀ ባሕርዩ ክብር ነው።

6. የሦስት ስኒ ተውኔት

ጀበናውን አሁን አምጡ።

ቡናችን ራሱ ሴራ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰው ይሰበሰባል፤ ጨዋታው ይሞቃል፤ በምርቃት ይለያያል። ከዚህ የተሻለ ባለ ሦስት ገቢር ቅርጽ ለጀማሪ አላውቅም። ለየስኒው አምስት ደቂቃ፣ በጠቅላላው 15 ደቂቃ የሚሆን ተውኔት ጻፉ።

መነሻ ሁኔታ ልስጣችሁ። ሦስት ሰዎች አሉ፦ እናት፣ ልጅ፣ ጎረቤት። ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። ፓስፖርቱ ከረከቦቱ ስር ተደብቋል። ጎረቤቷ ታውቃለች። እናት አታውቅም። ተመልካቹ ግን መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ስትደብቀው አይቷል። ከእናትየው የበለጠ ስለሚያውቅ እናት ረከቦቱን በነካች ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል።

አቦል፦ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ልጅቷ ከበረካ በፊት ለመናገር ቆርጣለች። እናት በበኩሏ የልጇን ትዳር ጉዳይ ማንሳት ትፈልጋለች።

ቶና፦ ጎረቤቷ ነገሩን ትነካካለች። እንዲህ ያለ ነገር ይሁን፦

ጎረቤት፦ «ልጅሽ ዛሬ እጇ ተንቀጠቀጠ።»
እናት፦ «ብርዱ ነው። የደሴን ብርድ ታውቂው የለ።»
ልጅ፦ «እማ፣ ልጨምርልሽ?»

ሦስቱም ስለ ብርድና ስለ ቡና ነው የሚያወሩት። ሦስቱም ስለ ጉዞው ነው የሚያወሩት። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ «ልሄድ ነው!» አታስብሏት። ያዙት።

በረካ፦ ፓስፖርቱ ይገኛል። እንዴት? ያ የእናንተ ሥራ ነው። በሼክስፒር ተውኔት በ«ኦቴሎ» ውስጥ አንድ መሐረብ ሙሉውን ተውኔት ይዘውራል፤ ፓስፖርቱም እንደዚያ ይሁን። እጅ ለእጅ ሲተላለፍ ታሪኩ ይለወጥ። መጨረሻው ላይ ምርቃት አለ። እናት ትመርቃለች? ዝም ትላለች? «አሚን» የሚለው ማን ነው?

አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ካገኛችሁ ለየስኒው አንድ ቅኝት ምረጡ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ አሉ፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውም ከዚሁ ነው። ለምሳሌ በቶና መጨረሻ ንግግሩ ቆሞ አምባሰል ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ቢጫወትና ሦስቱም ዝም ብለው ስኒ ቢያዩ እኔ አለቅሳለሁ።

ልምምዱን እንዲህ ምሩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተቀምጣችሁ አንብቡ፤ ወርቁን ጻፉ። ቀጥሎ ጽሑፉን አስቀምጣችሁ በራሳችሁ ቃል ሥሩት። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። ቦታችሁን በጠመኔው ላይ አስተካክሉ። በመጨረሻው ሳምንት በእውነተኛ ቡና ተለማመዱ፤ የሚፈላው ውሃ፣ ዕጣኑ፣ የስኒው ሙቀት የእጃችሁን ፍጥነት ይለውጠዋል። አንድ ሰው ሳይተውን ደብተር ይዞ ይቀመጥ፤ መግቢያና መውጫን ይመዝግብ፣ ሰዓት ይያዝ።

7. ለሰው ማሳየት

ትልቅ አዳራሽ አትፈልጉ። አንድ ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ለሐምሌ ተከራይተን ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተሰማ ቃል አልነበረም። የሁለት ወር ልፋት በአንድ ዝናብ ሄደ። ስለዚህ የክረምቱን ወራት ተዉት፤ ወይም ሰፊ ሳሎን፣ የጎረቤት ግቢ ምረጡ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብታሳዩ መብራት ቢጠፋም ችግር የለም። 30 ሰው ይበቃል። ተመልካቹን በሦስት በኩል ክብ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቡናም ይጠጣ።

ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» አትበሉ። «ጥሩ ነው» ብለው ይሄዳሉ። «እናትየዋ መቼ የጠረጠረች መሰላችሁ?» በሉ። በዚህ ጥያቄ የቱ ቦታ እንደተሳካ፣ የቱ እንደተሰወረ ትሰማላችሁ።

ብራዚላዊው የትያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል የሠራበትን ዘዴም ሞክሩት። ተውኔቱን እንደገና ከቶናው ጀምሩ። ከተመልካቹ አንዲት እናት «ቁም!» ብላ ታስቁመው። ተነሥታ የእናትን ቦታ ትያዝ። እሷ ብትሆን ምን ትላለች? ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ በቦታዋ ሆና ትመልስላት። ልጃቸውን በእውን የሸኙ ሰዎች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። ማንንም አታስገድዱ፤ የሚናገረውን ሰው አታቋርጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚና ተቀያየሩ። ልጅ የነበረችው እናት ትሁን፣ እናት የነበረችው ጎረቤት። ጀበናውን ጣዱ፤ ፓስፖርቱን ከረከቦቱ ስር መልሱት።